የፋቅኳት ነጥብ

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ የፎቃችን ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበርኩ ይመስለዋል። ጥፋቱ የእኔው ነው። ጎረቤቴ አልማዝ መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን "ምን ሠርተሽ ነው ጡረታ የወጣሽው?" ብትለኝ "ኤሌክትሮን ላይ" ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ በወደቀ ቁጥር በሬ ይንኳኳል። "አስካለ፣ ነይማ እዪልኝ፣ ምድጃዬ አልግል አለ።" ሄጄ አያለሁ። አንዳንዴ ይቀናኛል።

ባለፈው ሰሞን ሶኬት ቀይሬላት እጄን ስታጠብ እንደገና ጠየቀችኝ።

"እውነት ግን ሙያሽ ምን ነበር?"

"ግራፍ እስል ነበር።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ወረቀት ላይ ነጥብ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በነጥቦቹ መሃል መስመር እስባለሁ።"

"ለዚህም ጡረታ ይሰጣሉ?" አለችና ፎጣውን አቀበለችኝ።

አብረን ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በእጄ ካለፉት ነጥቦች ሁሉ አንዲቷን ብቻ አሁንም በሕልሜ አያታለሁ። ስለ እሷ ለአልማዝ አልነገርኳትም። ለልጆቼም በወጉ አልነገርኳቸውም። እንግዲህ እዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጡረታ የወጣሁበት ኮሌጅ የፊዚክስ ክፍል የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ያቆምኩ ልጅ ነበርኩ፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪውን እወለውላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሰፈር ጥልፍ ሠሪዎች የቀሚስ ንድፍ እስላለሁ። እጄ ለንድፍ የተፈጠረ ነበር ብል መኩራራት አይሁንብኝ። ግራው ከቀኙ የማይበላለጥ ሐረግ፣ አንድም ቦታ የማይሰበር ቅጠል እስል ነበር፤ ሴቶቹ "የአስካለ ንድፍ መርፌ ይመራል" ይሉኝ ነበር።

በክፍሉ ግራፍ የሚስል አንድ ሰውዬ ነበሩ። የተበላሸባቸውን ወረቀት ወደ ቅርጫት ሲጥሉት እኔ ከቅርጫት አንስቼ ወደ ቤቴ እወስዳለሁ። መስመሮቹ ደስ ይሉኝ ነበር። ሰውዬው ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውረው ሲሄዱ ጠረጴዛው ላይ ሥራ ተከመረ። አንድ ቀን እየወለወልኩ ሳለ እጄን በላኝ፤ መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩና አንዱን ገለበጥኩት። ስጨርስ ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

ዶክተር ዳምጠው ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ መምህር። ደንግጬ ተነሣሁ።

"ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"ማንም።"

"እንግዲያው መጥፎ አመል አላስተማሩሽም። ተቀመጪ።"

ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። በነገራችን ላይ የቅጥር ፋይሌ ላይ "ጽዳት" የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ቆየ። ደመወዜም ቃሉን ተከትሎ ቆየ። ይኼን ያህል ካልኩ ይበቃል።

አሁን ሙያውን ላስረዳ፤ ካልገባችሁ ነጥቧም አትገባችሁም። ዶክተር ዳምጠው ውጭ አገር የተማሩት የአቶምን አስኳል ነው። ልክ እንደ እንቁላል አስኳል መሃል የተቀመጠ ነው፤ ግን በየትኛውም ማጉያ መነጽር አይታይም። ታዲያ መጠኑ እንዴት ይታወቃል? ኤሌክትሮኖችን በትልቅ መሣሪያ ያስሮጡና እንደ ቅጠል በሳሳ ብረት ላይ ይለቋቸዋል። ኤሌክትሮኖቹ አስኳሎቹን እየነኩ ይበተናሉ። አንዱ ትንሽ ዞር ይላል፣ ሌላው ብዙ ይታጠፋል። በየማዕዘኑ ስንት እንደሄደ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ መሣሪያ እኛ ጋ አልነበረም። ዶክተር ግን የተቆጠረውን ቁጥር በጥቅል በጥቅል ወረቀት ይዘው መጥተዋል፤ ሌላም በፖስታ ይላክላቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው ያንን ያሰላሉ፣ እኔ እስለዋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደምስል አላውቅም ነበር። አንድ የክረምት ጠዋት ጠየቅኳቸው። ዶክተር ከሹራባቸው ኪስ ትንሽ ብርጭቆ አወጡ፤ ጠፍጣፋ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት። ያቺ ብርጭቆ ከኪሳቸው ተለይታ አታውቅም። "ሃ" ብለው ተነፈሱባትና ሰጡኝ።

"በዚህ በኩል አምፖሏን እዪ።"

አየሁ። በአምፖሏ ዙሪያ ቀለበት ነበር፤ ብርሃን፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ እንደገና ደብዛዛ ብርሃን።

"ትንፋሼ ብርጭቆው ላይ ጠብታ ሠርቷል" አሉኝ። "ጠብታዎቹን በዓይንሽ ለይተሽ ማየት አትችዪም። ግን ጨለማው ቀለበት የት እንዳለ ከለካሽ የጠብታውን መጠን ታውቂያለሽ። ጠብታው ባነሰ ቁጥር ቀለበቱ ይሰፋል። እኛም በኤሌክትሮን የምንሠራው ይኼንኑ ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ በክረምት ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ጭጋግ ሲይዝ መካኒሳ አቦ እስክንደርስ የመኪና መብራት እያየሁ ቀለበት እፈልጋለሁ። አንዴ ከመውረጃዬ አልፌ ወያላው "እናት፣ ተኝተሻል እንዴ?" አለኝ።

የምስልበት ወረቀት ራሱ ጉደኛ ነው። ወደ ጎን ማዕዘኑ፣ ወደ ላይ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ነው፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ቁጥሩ አሥር እጥፍ ይሆናል። ማንም ስላላስረዳኝ አንዱን ወረቀት ቤቴ ወስጄ የራሴን ዕድሜ፣ የጊቢያችንን ሰው፣ የሰፈሩን ሰው፣ የአዲስ አበባን ሰው በግምት አስቀመጥኩበት። ሁሉም ሳይጣሉ አንድ ገጽ ላይ ገቡ። ያኔ ገባኝ።

በቀለም የምስለው ራፒዶግራፍ በምንለው ብዕር ነው። ጫፉ ውስጥ ፀጉር የመሰለች መርፌ አለች። ጆሮዬ ሥር ነቅነቅ ሳደርገው መርፌዋ ጠቅ ጠቅ ካላለች ቀለሙ ደርቋል ማለት ነው፤ ለብ ባለ ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ። ብርሃን የሚያሳልፈው ስስ ወረቀት፣ ትሬሲንግ የምንለው፣ ክረምት ሲሆን እርጥበት ጠጥቶ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ከዋዜማው መስታወት ሥር አስተኛዋለሁ። ቅባት የነካ እጅ ፈጽሞ አይቀርበውም። መጀመሪያ ነጥቦቹ፣ ቀጥሎ በየነጥቡ ላይ ልኬቱ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የምታሳየው ቋሚ ጭረት፣ መጨረሻ ላይ መስመሩ። መስመሩን ስስብ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከተሳሳትኩ ቀለሙን በምላጭ ጫፍ ፍቄ ቦታውን በጥፍሬ አለሰልሰዋለሁ። እንዲህ ካለሰለስኩት በዓይን አይለይም።

በዓይን አይለይም፤ ለዶክተር አውራ ጣት ግን ይለያል። የእሳቸው ልማድ ይኼ ነበር። ሥራዬን ሳስረክብ መጀመሪያ በእርሳሳቸው ቂጥ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ነጥቦቹን ይቆጥራሉ፤ ሰንጠረዡ ላይ ካሉት ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ይዳብሱታል። የተፋቀ ቦታ ሲያገኙ ይቆማሉ።

"እዚህ ምን ነበር?"

"መስመሩ ወፍሮብኝ ነው፣ ዶክተር።"

"መስመር ከሆነ ፋቂ። መስመር የእኛ ነው፣ እኛ ነን ያሰብነው። ነጥብ ግን ምስክር ነው። የሚናገረው ባይጥምሽም ቃሉን ትጽፊለታለሽ እንጂ ከፍርድ ቤት አታባርሪውም።"

ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሺህ ጊዜ መስማት ግን ማወቅ አይደለም።

ጫልቱ የመጣችው ልጆቼ ትምህርት ቤት በገቡበት ሰሞን ነው። በማስተርስ ክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። የላፍቶ ልጅ ናት፤ ላፍቶ ገና ማሳ በነበረበት ጊዜ አባቷ ስንዴ ይዘሩ ነበር፤ ማሳቸው አሁን እኔ የምኖርበት ሕንፃ ካለበት ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጫማዋ ላይ ጭቃ ይዛ ትመጣና በር ላይ በእንጨት ትፍቀዋለች። "እትዬ አስካለ፣ የወለወሉትን እንዳላበላሽ" ትለኛለች፣ መወልወል ካቆምኩ ስንት ዓመቴ! እኔም "ግቢ አንቺ፣ ላፍቶን ተሸክመሽ መጣሽ?" እላታለሁ። እንዲህ ነበርን።

የመመረቂያ ጽሑፏ በኤሌክትሮን ብተና የአንድን አስኳል መጠን ማውጣት ነበር። ካለፈች ኮሌጁ ውስጥ አንድ የረዳት መምህር ቦታ ይጠብቃታል። ቦታው አንድ ብቻ ነው። አባቷ ማሳው መወሰዱ እንደማይቀር አውቀዋል፤ "መሬቱ ቢሄድ ጫልቱ አለችልን" ይሉ ነበር አሉ።

ሠላሳ አንድ ነጥብ ሰጠችኝ። የማስረከቢያው ሳምንት ዶክተር ታመው ቤት ዋሉ። ጫልቱ ደግሞ አያቷ አርፈው ለቅሶ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሠላሳ አንዱንም አስቀመጥኩ፣ መስመሩንም በሰጠችኝ የእርሳስ ንድፍ መሠረት ሳብኩ። ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው ግን ቀፈፈኝ። ነጥቦቹ በሥርዓት እየወረዱ መጥተው መሃል ላይ አንዷ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ መስመሩም ተከትሏት ይዘቅጥና ተመልሶ ይወጣል። ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለኝ።

እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከዚያ በፊት ስዬ አላውቅም ነበር፤ እስከዚያ የመጡልኝ ልኬቶች ጉድጓዱ ጋ ሳይደርሱ የሚያቆሙ ነበሩ። በዚያ ላይ በዚያ ወረቀት አንዲት ዜሮ ብትዛነፍ ነጥብ አንድ ሙሉ ደረጃ ይወድቃል። የመተየብ ስህተት ነው አልኩ። ልጅቱ ሐዘን ላይ ሆና ንድፉንም በስህተቱ ላይ ሠርታዋለች አልኩ። ልርዳት አልኩ። እውነቱን ካወራን ግን ያሸነፈኝ የጥልፍ ዓይኔ ነው። ምላጬን አነሣሁ። ነጥቧን ፋቅኳት፣ የዘቀጠውንም መስመር ፋቅኩ፣ በጥፍሬ አለሰለስኩ፣ ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ከዳር እስከ ዳር አንድ የሚያምር መስመር ሳብኩበት። እንደዚያ የሚያምር ግራፍ ስዬ አላውቅም።

ጫልቱ ማስረከቢያው ቀን ጥቁር ለብሳ መጣች። "በእርስዎ እጅ ካለፈ ምን አያለሁ" ብላ ሥዕሉን ሳትገልጥ ፈረመች።

ፈተናው ቀን አዳራሹ ሞልቷል፤ ዶክተር ግን ሕመሙ ስላልለቀቃቸው አልመጡም። እኔ ከኋላ የፕሮጀክተሩን አምፖል እጠብቃለሁ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ወረቀቱን ገልጠው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ፣ ጽሑፍሽ 'እዚህ ማዕዘን ላይ ጉድጓድ አለ፣ የአስኳሉን መጠን ያወጣሁት ከዚያ ነው' ይላል። አይደል?"

"አዎ።"

"ሥዕልሽ ላይ ጉድጓድ አላይም።"

ጫልቱ ወደ ግድግዳው ዞራ ሥዕሏን አየች። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየችው።

"ሰንጠረዡ ላይ አለ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

"ሰንጠረዡ ላይ አለ፣ ሥዕሉ ላይ የለም። ከሁለት አንዱን ሰው ነክቶታል ማለት ነው። የቱን ልመን?"

ጨለማው ቀለበት! ያን ጊዜ ገባኝ። ለካስ የፋቅኩት፣ ኤሌክትሮን እምብዛም የማይደርስበት ያ ጉድጓድ፣ ጨለማው ቀለበት ነው። መጠኑ የሚታወቅበትን ቦታ ነው ያጠፋሁት።

ጫልቱ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አሻግራ አንዴ አየችኝ። አንዴ ብቻ። "እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት በዚያ ሁሉ ዶክተር መሃል ምን ብዬ እነሣለሁ? ዐይኔን ወደ አምፖሉ ጣልኩ። እሷም ስሜን አልጠራችም። "አላውቅም" አለች። ፈታኙ ጽሑፉን ዘጉ፤ ቁጥር ነክታለች የሚል ጥርጣሬ ላይዋ ወድቆ ጉዳዩ እንዲጣራ ተባለ።

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ቢሮ ሄድኩ። ገና ከሕመማቸው አላገገሙም፤ ትሬሲንጉን መስኮት ላይ ለጥፈው አውራ ጣታቸውን ቦታው ላይ አድርገው ቆመዋል። ወደ እኔ አልዞሩም።

"እዚህ ምን ነበር?"

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥራ እለቃለሁ አልኩ።

"መልቀቅ መፋቅ ነው" አሉኝ። "ጻፊ።"

የሆነውን በእጄ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ለፈታኙ ተላከ። የጫልቱ ስም ጠራ፤ ጽሑፏም ከወራት በኋላ አለፈ። የረዳት መምህሩ ቦታ ግን በመካከሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

ደብዳቤውን እንደላክን ላፍቶ ሄድኩ። በጭቃው መሃል እየተጠየቀ የሚኬድ ቤት ነበር። እናቷ አማርኛ እምብዛም አይችሉም፤ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ በሁለት እጃቸው እርጎ ሰጡኝ። ጫልቱ ከጓሮ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ጫልቱዬ፣ ይቅር በዪኝ። ስህተት መስሎኝ ነው።"

"ስህተቱን አልተቀየምኩም፣ እትዬ። እኔም ስንቴ ተሳስቻለሁ።" ጫማዋን ታያለች። "ዝም ማለትዎን ነው። አየሁዎት እኮ።"

እርጎውን ጨርሼ ተነሣሁ፤ መተው ነውር ነው።

ጫልቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች። ዓመታት አለፉ። ማሳውም ተወሰደ፣ ሕንፃ ቆመበት። እኛም ጋ ኮምፒውተር መጣ፤ እኔ ሦስት ቀን የምፈጅበትን ግራፍ በደቂቃ ያወጣዋል። ብዕሮቼን አጥቤ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ኮምፒውተሩን ከተማሪዎቹ ትከሻ ላይ እያየሁ ተማርኩ። ከዚያ ሥራዬ መቁጠር ሆነ። ኮምፒውተሩ መስመር የሚያለሰልስበት ነገር አለው፤ እንደ እኔው ማማር ይወዳል። ተማሪ ግራፉን ሲያመጣ "ሰንጠረዡስ?" እላለሁ። በእርሳስ ቂጥ እቆጥራለሁ። "እትዬ ቆጣሪ መጡ" ይሉኛል። ይበሉ። ብዙ ነጥብ ወደ ቦታው መልሻለሁ።

ዶክተር ዳምጠው ጡረታ ሲወጡ ያቺን ብርጭቆ ሰጡኝ፤ በዚያው ሹራባቸው ነበሩ። አሁን በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጫልቱ ደግሞ ከስንት ልፋት በኋላ ውጭ ተምራ፣ ዶክተር ሆና ወደ ክፍላችን ተመለሰች። የመጀመሪያ ቀን "እንደምን አደሩ፣ ዶክተር" ብላት "እትዬ፣ እኔ ጫልቱ ነኝ" አለችኝ። ደኅና ነበርን። ሰላምታ ነበረን፣ ሥራ ነበረን። ስለዚያ ነገር ግን ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም።

ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ የፕሮጀክተር ገመድ ይዤ ክፍሏ ገባሁ። የአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያ ትምህርት ነበር። ገመዱን ሰክቼ ልወጣ ስል ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ለፊተኛው ተማሪ ስትሰጥ አየሁ። እግሬ ቆመ። ቢጫ የሆነ ትሬሲንግ ነው። ያን የፋቅኩበትን ግራፍ ዶክተር ዳምጠው ሳይጥሉት ኖረው ለእሷ ሰጥተዋት ኖሯል።

"በአውራ ጣታችሁ ዳብሱትና አሳልፉ" አለቻቸው። "ምን እንዳገኛችሁ ትነግሩኛላችሁ።"

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። "ይኼ የኬክ ወረቀት ነው እንዴ?" አለ አንዱ፤ ሳቁ። ሦስተኛው መደዳ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ አውራ ጣቷን አቆመች።

"እዚህ ጋ ሻካራ ነው። የሆነ ነገር ተፍቋል።"

"ጎበዝ። ነጥብ ነበረች" አለች ጫልቱ። "የዚህን ግራፍ ሙሉ ነገር የያዘችው እሷ ነበረች።"

"ማነው የፋቀው ታዲያ?"

ጫልቱ ጠመኔውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ወደ እኔ አላየችም፤ ሆን ብላ እንዳላየች ገባኝ። "ስሙ ለትምህርቱ አያስፈልግም" አለች። እንደዚያ ቀን ሁሉ ዛሬም ስሜን ልትደብቅልኝ ነው።

የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ፣ ቀጥ አድርጌ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አስካለ እባላለሁ። የፋቅኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ በዶክተራችሁ ላይ ሲላከክም ዝም ያልኩ እኔ ነኝ።"

ጫልቱ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የራሷን ወንበር ሳበችና ከፊት፣ ከሰሌዳው አጠገብ አደረገችልኝ።

"ይምጡ፣ እትዬ" አለች። "እርስዎ ይንገሯቸው።"

ሄጄ ተቀመጥኩ። መነጽር ያደረገችው ልጅ "ለምን ፋቋት?" አለችኝ፣ ያለ ተንኮል።

"አስቀያሚ መስላኝ" አልኳት። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ብርጭቆዋን አወጣሁ። "ሃ" ብዬ ተነፈስኩባት። "ነይ፣ የስልክሽን መብራት አብሪና በዚህ በኩል እዪው። ብርሃኑን ተዪው፣ እሱን ማንም ያየዋል። ጨለማውን ፈልጊ።"